ሦስት ክንድ ሰንሰለት

መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፈር ይለቅም ነበር። ከሩቅ ሣር የሚግጥ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳይ ሣር የለም። ሰንሰለቱ በሚደርስለት ልክ መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ እንደ አውድማ ደድሯል። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የሌለውን ሣር እየነቀለ ወደ አፉ ይወስዳል። ይነቅላል፣ ይወስዳል። ጭላዳ ማለት ቀኑን ሙሉ ሣር ሲለቅም የሚውል ፍጥረት ነው፤ የዚህኛው እጅም ሥራውን አልረሳም።

የአምባሰል ልጅ ነኝ። ጭላዳን እየወደድኩ አላደግኩም፤ ከገደሉ ብቅ ብሎ ገብሳችንን ሲያራግፍ በወንጭፍ ስንወረውርበት ነው ያደግነው። ኋላ ተምሬ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ስመለስ እናቴ ከት ብላ ስቃ፣ «አባትህ ዕድሜ ልኩን ሲያባርረው የኖረውን አንተ ልትጠብቀው ነው የተማርከው?» አለችኝ። መሥሪያ ቤቴን በስሙ አልጠራም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲደረብበት አልፈልግም።

ነገሩ የመጣው በስልክ ነው። አለቃዬ ጠርቶ ቲክቶክ አሳየኝ። ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ ዓሣ ቤት፣ ከዋርካ ሥር የታሰረ ወንድ ጭላዳ ኮፍያ አድርጎ በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ትከሻውን ይንጣል። ዙሪያውን ሰው ስልኩን ደግኖ ይስቃል። አንዱ የቢራ ጠርሙስ ሲያቀብለው ተቀብሎ ገለበጠው፤ ሳቁ ባሰ። «አገር ምድሩ አየው እኮ። ሂድና ሕግ አስከብር» አለኝ አለቃዬ። ሕግ አስከብር! እነሱ ሲሉት እንዴት ይቀላል።

የዓሣ ቤቱ ባለቤት ከኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። እትዬ እላት ስለነበር እዚህም እትዬ ልበላት። የደረስኩ ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ቆሮሶ ዓሣ እየቀረፈች ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ እንስሳ በሕግ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

«የማን ነው ታዲያ?»

«የመንግሥት ነው። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ክልክል ነው።»

ቢላዋን አስቀመጠችና ሽቅብ ቁልቁል አየችኝ። «እና መንግሥት ነው ጡጦ ያጠባው?»

ወንበር አቀረበችልኝና ራሷ ነገረችኝ። ወንድሟ አምባሰል ላይ አራሽ ነው። አንድ ክረምት ውሾቹ ገብስ ውስጥ የገባ የጭላዳ መንጋ ላይ ደርሰው እናቱን ይገድሏታል። ግልገሉ ግን የሞተች እናቱ ሆድ ላይ ሙጭጭ እንዳለ ቀረ። ወንድሟ አላስችለው ብሎ በኩታው ጠቅልሎ ሐይቅ ድረስ ይዞላት ወረደ። ባሏ የሞተ ሰሞን ነው፤ ልጅ የላት። የላም ወተት በጨርቅ እያጠባች፣ ኋላም ጡጦ ገዝታ፣ በጀርባዋ አዝላ አሳደገችው። በሦስተኛው ወር ሆዱን ታሞ ሊሞት ሲል በሁለት እጇ ይዛው፣ «ግሸን ማርያም፣ ይችን ነፍስ ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ አስገባልሻለሁ» ብላ ተሳለች። ዳነ። ስለቱ ግን አልደረሰም፤ አንዱን ዓመት መንገድ ተዘጋ፣ ሌላውን እሷ ታመመች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቆየ።

«ቢራውስ?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም፣ ደንበኞቹ ናቸው። አትስጡት ስላቸው ይቀየሙኛል።»

በቁጣ ነበር የሄድኩት፤ ቁጣዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ። ቢሆንም የሚባለውን አልኳት። ይሄ ልጅ አይደለም፣ ጎረምሳ ሆኗል፤ ጎፈሩ ወጥቷል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ዱላ ነው የሚጠብቀው። ጭላዳ ብቻውን አይኖርም፣ ከዘመዶቹ ጋር እየተላከከ ነው የሚኖረው። ገደል ብንለቀው መንጋው አይቀበለውም፣ የሰው እጅ አሳድጎታል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ግን እንዲህ ያሉ እንስሳት የሚጠለሉበት ሰፊ አጥር ግቢ አለ፤ ሌሎች ጭላዶች አሉ፤ ሣር አለ። እዚያ እንወስደዋለን አልኳት። እየሰማችኝ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉን ጨረስኩ። መጠለያው እንቀበለዋለን ብሎ ጻፈልኝ። መኪና በስንት ምልጃ አገኘሁ። ሣጥኑን አናጺ ሠራው፣ አየር ማስገቢያውን እኔ ራሴ ለካሁ። የነሐሴ መጨረሻ ሐሙስ ጠዋት እንዲጫን ቀን ተቆረጠ። ማክሰኞ ሽማግሌዎች መጡብኝ።

ሦስት ናቸው። አንዱ የሰፈሯ ቄስ፣ አንዱ ጎረቤቷ ሼህ። ሦስተኛውን ሳይ ግን ክው አልኩ፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ዘመዴ ማን እንደሆነ አጠያይቃ፣ አምባሰል ድረስ ሰው ልካ፣ ከውጫሌ አውቶቡስ አሳፍራ አስመጥታዋለች። ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች!

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ ተነሥቼ።

«አንቀመጥም» አለ አጎቴ።

ልመና የመጣ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፤ እኛ ዘንድ ወጉ ይኸው ነው። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። የአጎቴ ጉልበት እንደሚያመው አውቃለሁ። ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደዋለም አውቃለሁ።

ሼሁ ጀመሩ። «ልጄ፣ ስለት ስለት ነው፤ የእስላም የክርስቲያን የለውም። ይህች ሚስኪን ሴት በፈጣሪ ፊት ቃል ገብታለች። የተሳለችለትን ነፍስ ከጉያዋ ወስደህባት ስለቷን ምን ብላ ታድርስ? ሰበቡ አንተ አትሁን።»

ቄሱ ፈገግ አሉ። «እኔም ለዝንጀሮ ሲሳሉ ሰምቼ አላውቅም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን እመቤታችን ካልተቀየመች እኔ ምን አግብቶኝ? ግሸን መስከረም ሃያ አንድ ነው። ሄዳ ጃንጥላዋን ታስገባ፣ ስትመለስ በእጇ ታስረክብሃለች። ዋሱ እኛ ነን።»

ሕጉን ነገርኳቸው። መኪናው እንደተያዘ፣ እንስሳው እየተጎዳ እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ቀን እንደሚቆጠር ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ እንደቆሙ ናቸው። በመጨረሻ አጎቴ እንዲህ አለኝ፦ «ሕጉ የት ይሄዳል የኔ ልጅ? አንድ ወር ይጠብቅሃል። እኛ ግን አርጅተናል፤ ቆመን መዋል አንችልም።»

«እሺ» አልኩ።

ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምርቃቱ ወረደ። አላህ ይወፍቅህ፣ ማርያም ትጠብቅህ፣ ክፉ አይንካህ። አጎቴ ግንባሬን ሳመኝ። በመስኮቱ በኩል እትዬ ከግቢው አጥር ሥር ስትጠብቅ አየኋት፤ ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እሷም ስላየች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ። ሰው የሚወደኝ ሰው ሆኜ ከቢሮዬ ወጣሁ።

መጠለያው ዘንድ ደውዬ ቀኑ ተራዘመ ስላቸው የእንስሳት ሐኪሟ፣ «እስከዚያ ምን ላይ ነው የሚታሰረው?» አለችኝ።

«አንገቱ ላይ ነው።»

«ከአንገቱ ይውረድ። በቶሎ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ የማልለው ሰው የለም እኔ።

ለእትዬ ነገርኳት። ወገቡ ላይ ስታስረው የቆዳ ማሰሪያውን በጥርሱ በጥሶ ገበያ መሐል ገብቶ እንደነበር፣ ሰው በድንጋይ ሊጨርሰው ሲል እንደደረሰች ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ ጥርሱን አይቻለሁ። ተውኩት። በምትኩ ሌላ ነገር ዘየድኩ። ሰንሰለቱ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ አራት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ደግሞ የሐይቁ ዳር ሣር ለምለም ሆኖ በቅሏል። ሰንሰለቱ ትንሽ ቢረዝምለት ይደርሳል! ከከተማው ሦስት ክንድ ሰንሰለት ገዛሁ፤ በራሴ እጅ፣ በፒንሳ፣ በሽቦ አጥብቄ ቀጠልኩት። ቢራ እንዳይሰጠው፣ ኮፍያው እንዲወልቅ፣ ሙዚቃው እንዲቀንስ በወረቀት ጽፌ ዋርካው ላይ ለጠፍኩ። ድንቄም ባለሙያ!

ሰንሰለቱን ለቅቄ ወደ ኋላ ስል መጀመሪያ አልገባውም። የለመደው ቦታ ላይ ሲደርስ ራሱ ቆመ። አንገቱን የሚይዘው ነገር ሲያጣ ዞሮ አየን። አንድ እርምጃ ጨመረ፣ ደግሞ አንድ። ሣሩ ላይ ሲደርስ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ያ እጅ ሥራውን ጀመረ፤ ግራ ቀኝ እያፈራረቀ ይነቅላል፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ፣ እንደገና ይነቅላል። ቀና አላለም። እትዬ ከአጠገቤ ቆማ እንባዋ ይወርዳል። «ይሄን ሁሉ ዓመት ዳቦ ሳበላው» አለች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኔ ነው። ዋርካው ላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብዬ አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አየው ነበር። ደህና ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ እንኳ ደመቅ ያለ መሰለኝ። መስከረም አሥራ ዘጠኝ እትዬ ጃንጥላዋን በላስቲክ ጠቅልላ ተሳፈረች። ከመኪናው መስኮት፣ «ወንድሜ፣ አደራህን፣ ብቅ እያልክ እይልኝ» አለችኝ። ቤቱን ለእህቷ ትታለች። በማግስቱ ሄጄ አየሁት። በሃያ አንድ ዕለት ስብሰባ ነበረብኝ፣ ቀረሁ።

ከግሸን የሚመለሰው ሰው ከሰዓት በኋላ ሐይቅን አጥለቀለቀው። ንግሥ ሳይወጣ በየመንገዱ ቀርቶ በዓሉን የሚያከብር መዓት ወጣትም አለ። ዓሣ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞላ። የተለጠፈውን ወረቀት ማን ያነባል? ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ጭላዳው ሣሩ ላይ ነበር፤ ሰው ከበበው፣ ስልክ ተደገነ፣ አንዱ ጨፍር እያለ በእንጨት ነካካው። እህትዮዋ ዓሣ እየጠበሰች ናት፤ አላየችም። ጭላዳ ሲፈራ ሽቅብ ነው የሚሸሸው፣ ገደሉን ፍለጋ። ገደል የለ፣ ዋርካ አለ። በድሮው ሁለት ክንድ ሰንሰለት የታችኛውን ቅርንጫፍ እንኳ አይነካውም ነበር። እኔ በቀጠልኩት ሦስት ክንድ ደረሰ። ከቅርንጫፉ ወዲያ ማዶ፣ ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ውሃው ዘለለ። ሰንሰለቱ መሬት አላደረሰውም።

ይሄን ሁሉ ያየሁት በስልክ ነው፤ አንዱ ቀርጾት ነበር። መጀመሪያ ሰው ይስቃል። የሚጫወት መስሏቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሲወዛወዝ ያጨበጭባሉ። ሳቁ ረዘም ይላል፤ ከዚያ አንዲት ሴት «ውይ! ውይ በማርያም!» ትላለች፣ ሳቁ ቀጥ ይላል፣ ስልኩ ወደ መሬት ይዞራል። ያን ሳቅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አሁን ስልኬ ላይ የለም፣ ግን ምን ዋጋ አለው።

እህትዮዋ ደውላልኝ በባጃጅ ስደርስ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አስተኝተውታል። በስተመጨረሻ አንገቱን የፈታሁለት እኔ ነኝ። ከጠጉሩ ሥር ሰንሰለቱ ለዓመታት የበላው ቆዳ ነጭ ሆኖ ጠጥሯል። ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ሰው ምን ይለኛል አላልኩም፤ ሰው ምን ይለኛል ማለት ያልነበረብኝን ቀን አሳልፌዋለሁ። ሙቀቱ ስለማያቆየው እዚያው ሐይቁ ዳር ሣሩ ያለበት ቀበርነው። አለቃዬ በስልክ ስነግረው፣ «በቃ እንግዲህ፣ ሣጥኑም ተረፈ፤ ሪፖርት ጽፈህ ፋይሉን ዝጋው» አለኝ።

የቀረው ለእሷ መንገር ነው። ማን ይንገር? የሰው ቢሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ሄዶ ያረዳል። ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ለዝንጀሮ መርዶ አይነገርም፤ ሰው ይስቅብናል» አሉኝ አዝነው። ሼሁ «ኢና ሊላሂ» ብለው፣ «አብረንህ ብንመጣ ለቅሶ ያስመስልብናል» አሉኝ። አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። «እኛ እኮ ለበጎ ብለን ነው» አለኝ፣ ድምፁ ልውጥ ብሏል። እውነቱን ነው። ሁላችንም ለበጎ ብለን ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ብቻዬን መናኸሪያ ጠበቅኳት። ከአውቶቡስ ስትወርድ እግሯ በአቧራ ነጥቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። ገና ከደረጃው፣ «ወንድሜ! ደረሰ! ስለቴ ደረሰ!» አለችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከግሸን ያመጣችውን እምነት አሳየችኝ፣ አፈሩን። «በጥብጬ ግንባሩን ልቀባው ነው፤ ከዚያ ትወስደዋለህ። አሁን ቆርጫለሁ፣ አላለቅስም። መንገድ ላይ ሳስበው ነበር፣ ከብጤዎቹ ጋር ሲላከክ ሳስበው ደስ አለኝ።»

«እትዬ» አልኩ።

ፊቴን አየች። የነጠላዋን ጫፍ መልሳ ቋጠረችው። «ነከሰ? ሰው መታው?»

እዚያው መናኸሪያው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነገርኳት። ምንም አልደበቅኩም። ሰዉን፣ ዋርካውን፣ ቅርንጫፉን፣ የቀጠልኩትን ሰንሰለት፤ ሁሉንም። ትጮሃለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር፤ ቢሆንልኝ ኖሮ ደስታዬ። እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ወያላው «ደሴ፣ ደሴ» እያለ ይጣራል።

«ሣጥኑ አልቆ ነበር አይደል?» አለች በመጨረሻ።

«አልቆ ነበር።»

«መኪናውም?»

«መኪናውም።»

«እዚያ ሣር አለ ብለኸኝ ነበር።»

«አለ።»

አንገቷን ነቀነቀች። እንባዋ ያን ጊዜ ነው የመጣው፣ ድምፅ የለው፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። «እኔ እኮ ወድጄው ነው። የወደደ ሰው ዓይኑ አያይም፣ ይለምናል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ሌላ ምን ያደርጋል? አንተ ግን ታውቅ ነበር። እምቢ ብትለኝ እረግምህ ነበር፤ ቤትህ ድረስ መጥቼ እሰድብህ ነበር። ይሁን! እሱ ግን ይሄኔ በሕይወት ነበር። ለምን እሺ አልከኝ?»

«ሽማግሌዎቹን አፍሬ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የእውነት ማወቅ የፈለገች ነው የምትመስለው።

«እሱንስ?» አለችኝ። «እሱን አላፈርከውም?»